አሌክሲ ሪብኒኮቭ፦ ከልጆች ፊልም እስከ ሮክ ኦፔራ

አሌክሲ ሪብኒኮቭ በሩሲያ የመድረክና የፊልም ሙዚቃ ደራሲዎች መካከል ስሙ ከፊት የሚጠራ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው በልጆች ፊልም ዜማዎቹ ነው። ትልቁ ሥራው ግን ቴአትር ቤት ውስጥ ነው። ሃይማኖት ወደ ጥግ በተገፋበት በሶቪየት ዘመን፣ የቤተ ክርስቲያን ዜማን ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር አዋህዶ ሞስኮ መሃል አሰምቷል።

የተወለደው ጁላይ 17 ቀን 1945 ሞስኮ ውስጥ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ በአሌክሳንደር ጽፋስማን የጃዝ ኦርኬስትራ ውስጥ ቫዮሊን ይጫወት ነበር። ስለዚህ ልጁ ጃዝን የለመደው ገና ከቤቱ ነው። በስምንት ዓመቱ ለፒያኖ መጻፍ ጀመረ። በ11 ዓመቱ ደግሞ የባሌ ሙዚቃ ሞከረ። በ1962 ሞስኮ ኮንሰርቫቶሪ ሲገባ አስተማሪው አራም ኻቻቱሪያን ሆነ። ኻቻቱሪያን በ«ጎራዴ ጭፈራ» ዓለም ሁሉ የሚያውቀው አርመናዊ ነው። ሪብኒኮቭ በ1967 ተመረቀ፤ በኋላም እስከ 1975 እዚያው አስተማረ።

በዚያን ጊዜ ፊልም ለሶቪየት ሙዚቃ ደራሲ እንጀራ ብቻ አልነበረም። ነፃነትም ነበር። ኮንሰርት አዳራሽ ላይ ጥርጣሬ የሚያስነሳ አዲስ ድምፅ፣ ከተረት ወይም ከጀብዱ ጀርባ ሲሰማ ማንም ብዙ አይቆጣም። ሪብኒኮቭ ይህን በር በደንብ ተጠቅሞበታል። በ1971 የወጣው «የሀብት ደሴት» አንዱ ጅማሬ ነው። ቤላሩስፊልም የተባለው የፊልም ድርጅት የሠራው «የቡራቲኖ ጀብዱዎች» (የሩሲያው ፒኖኪዮ፣ የእንጨቱ ልጅ ተረት) ደግሞ በ1976 መጀመሪያ ላይ በቴሌቪዥን ታየና ዜማው አገር አዳረሰ። ግጥሞቹን የጻፉት ቡላት ኦኩድዣቫና ዩሪ ኤንቲን ናቸው። በ1977 የትንሿ ቀይ ኮፍያ ፊልም ተከተለ። የልጆች ዘፈን ነው ተብሎ በጥድፊያ የተሠራ አንድም ነገር የለበትም፤ ዛሬም ሲሰሙት የድምፆቹ ስምምነትና የመሣሪያው አመራረጥ ያስገርማል።

ለአዋቂዎች ከሠራቸው ውስጥ እኔ የምወደው በ1980 ለተሠራ የወጣቶች የፍቅር ፊልም የጻፈውን «የመጨረሻው ግጥም» ነው። ግጥሙ የሕንዱ ባለቅኔ የራቢንድራናት ታጎር ነው፣ በሩሲያኛ ተተርጉሞ። ቀስ ብሎ የሚነሳ፣ ሲያልቅ ግን ልብ ይዞ የሚቀር ዘፈን ነው።

ሕይወቱን የቀየረው ግን ማርክ ዛካሮቭ ነው። ዛካሮቭ የሌንኮም፣ ማለትም በሌኒን ኮምሶሞል የተሰየመው ቴአትር፣ ዋና አዘጋጅ ነበር። በ1976 «የሆአኪን ሙሪየታ ኮከብና ሞት» የተባለውን ሮክ ኦፔራ፣ ማለትም በሮክ ሙዚቃ የሚዘፈን ተውኔት፣ አብረው አቀረቡ። ታሪኩ ከቺሊያዊው ፓብሎ ኔሩዳ ተውኔት የተወሰደ ነው፣ ግጥሙን ደግሞ ፓቬል ግሩሽኮ ጻፈው። የወርቅ ፍለጋው ዘመን ካሊፎርኒያ ውስጥ ስለተገደለ ሽፍታ ይተርካል። «አራክስ» የተባለው የሮክ ባንድ መድረኩ ላይ ቆሞ ይጫወት ነበር። መንገዱ ግን ቀላል አልነበረም፤ ፈቃድ የሚሰጡት ኮሚቴዎች ደጋግመው መልሰውታል።

ከዚያ በ1978 ሪብኒኮቭ በኦርቶዶክስ ዝማሬ ላይ ተመሥርቶ የሠራቸውን ሙዚቃዎች ለዛካሮቭ አሰማው። ዛካሮቭ ወደደው። መጀመሪያ ያሰቡት ስለ ልዑል ኢጎር የሚተርከውን ጥንታዊ የሩሲያ ግጥም ወደ መድረክ ማምጣት ነበር። ባለቅኔው አንድሬ ቮዝኔሰንስኪ ግን «አቮስ» የተባለውን የራሱን ግጥም አቀረበላቸው። «ዩኖና እና አቮስ» የተባለው ሮክ ኦፔራ የተወለደው እንዲህ ነው። ስሙ የሁለት መርከቦች ስም ነው።

ታሪኩ እውነተኛ ነው። በ1806 ኒኮላይ ሬዛኖቭ የተባለ ሩሲያዊ ሹም፣ አላስካ ውስጥ በረሃብ ለተቸገረው የሩሲያ ሰፈር እህል ሊገዛ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ በመርከብ ሄደ። ከተማዋ ያኔ በስፔን እጅ ነበረች። እዚያ የጦር ሰፈሩን አዛዥ ልጅ፣ የ15 ዓመቷን ኮንሴፕሲዮን አርጉዬዮን አጨ። እሱ ኦርቶዶክስ፣ እሷ ካቶሊክ፤ ጋብቻው የአለቆች ፈቃድ ጠየቀ። ሬዛኖቭ ፈቃዱን ሊያመጣ ወደ ፒተርስበርግ ሲጓዝ፣ በ1807 ሳይቤሪያ ውስጥ ክራስኖያርስክ ላይ ሞተ። እሷ ሌላ ሰው አላገባችም፤ በመጨረሻ መነኮሰች።

ለዚህ ታሪክ ሪብኒኮቭ የጻፈው ሙዚቃ ሁለት ዓለም አለው። አንዱ ጸሎት ነው። ሌላው ሮክ ነው፣ ጩኸትና ጉጉት ያለው። የቅዳሴ ዜማ እየሰማ ያደገ ሰው ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ገና ከመክፈቻው ይገባዋል። መዘምራኑ ለጌጥ የገቡ አይደሉም፤ የሰውዬውን ኃጢአትና ናፍቆት የሚሸከሙት እነሱ ናቸው።

ዛካሮቭ እንደተናገረው፣ እሱና ቮዝኔሰንስኪ ከኮሚቴው ግምገማ በፊት ሞስኮ ወዳለው የሎኮቮ ካቴድራል ሄደው በካዛኗ እመቤታችን ሥዕል ፊት ሻማ አበሩ። ኮሚቴው ሥራውን በመጀመሪያው ዕይታ አሳለፈው። ጁላይ 9 ቀን 1981 ለሕዝብ ተከፈተ። ሬዛኖቭን የተጫወተው ኒኮላይ ካራቼንሶቭ ነው፣ ልጅቷን ደግሞ ኤሌና ሻኒና። ውዝዋዜውን ያዘጋጀው የቦልሾይ ቴአትር የባሌ ዳንሰኛው ቭላድሚር ቫሲሊየቭ ነበር። በ1983 ታዋቂው የልብስ ዲዛይነር ፒየር ካርዳን ትርኢቱን ፓሪስ ወሰደው፤ በ1990 ደግሞ ኒው ዮርክ ደረሰ።

ከዚያ በኋላ ሪብኒኮቭ ወደ ራሱ መንገድ ገባ። «ሊተርጂያ» (ቅዳሴ) የተባለ ረጅም መንፈሳዊ ኦፔራ ጻፈ፣ የራሱን ቴአትር አቋቋመ፣ በ1999 የሩሲያ ሕዝባዊ አርቲስት ተባለ። በ2002 ለወጣው «ኮከብ» የጦርነት ፊልም ሙዚቃ ሠራ። በ2005 የተጠናቀቀው አምስተኛ ሲምፎኒው «የሙታን ትንሣኤ» ለመዘምራን፣ ለኦርጋንና ለትልቅ ኦርኬስትራ የተጻፈ ነው። እነዚህ ሥራዎች እንደ «ዩኖና» አልተሰሙም፣ ግን ሊሰሙ ይገባቸዋል ብዬ አምናለሁ።

የሌንኮም ተዋንያን የተውኔት ሰዎች ናቸው፣ ኃይላቸው ትወናው ላይ ነው። ሪብኒኮቭ ሙዚቃው ሙሉ በሙሉ እንዲሰማ ስለፈለገ በራሱ ቴአትር የ«ዩኖና እና አቮስ»ን ሌላ ቅጂ አዘጋጀ። ለጀማሪ ግን የምመክረው መጀመሪያ ሜሎዲያ በተባለው የሶቪየት ሙዚቃ አሳታሚ የታተመውን የሸክላ ቅጂ እንዲሰማ ነው፤ በ1983 የተቀረጸውን የሌንኮም ትርኢት ከዚያ በኋላ ቢያየው ይሻላል።