ዓሣ አጥማጅ ወፍ ምንድን ነው?

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ቁጭ ብሎ ማኪያቶ የጠጣ ሰው ይህን ወፍ ሳያየው አይቀርም። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ነው። መንቁሩ ረጅም ነው፤ ከሌላ ወፍ የተዋሰው ይመስላል። ከውኃው በላይ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ክንፉ ይርገበገባል፤ ጭንቅላቱ ግን ንቅንቅ አይልም። ድንገት ቁልቁል ይወረወራል። ጧ! ያገኛት ዓሣ ትንሽ ከሆነች እየበረረ ይውጣታል። ከፍ ያለች ከሆነች ግን ጉቶ ላይ ይወስዳትና ደጋግሞ ካላተማት በኋላ በጭንቅላቷ በኩል ዋጥ!

ዓሣ አጥማጅ ወፍ እሱ ነው። ማለቴ፣ አንዱ እሱ ነው። በዓለም ላይ ከ110 በላይ ዝርያዎች አሉ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የእነዚህን ግን መልአክ አላወጣውም። የአብዛኞቹ ዋና ምግብ ዓሣ አይደለምና። ሩቅ ሳንሄድ፣ እዚሁ ባሕር ዳር ዛፍ ላይ የሚቀመጥ ሰማያዊ ክንፍ ያለው አለ፤ መንቁሩ ላዩ ቀይ፣ ታቹ ጥቁር ነው። ጣና አጠገቡ ተንጣሎ እሱ ዓይኑን ሣር ላይ ተክሎ ፌንጣና እንሽላሊት ይጠብቃል። የአውስትራሊያው ኩካባራ፣ ያ ሲጮህ ሰው የሚስቅ የሚመስለው፣ እባብ ሳይቀር ይበላል። ኒው ጊኒ ውስጥ ደግሞ በሰፊ መንቁሩ ጭቃ እየቆፈረ የመሬት ትል የሚያወጣ አለ። ዓሣ አጥማጅ በሉት እንግዲህ!

መጠናቸውም አይገናኝም። ኩካባራ ከ40 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። በአፍሪካ ደኖች የሚኖረው ድንክዬው ግን 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዝርያቸው በጣም የሚበዛው ከደቡብ ምሥራቅ እስያ እስከ አውስትራሊያና ፓስፊክ ደሴቶች ድረስ ነው። ደሴት ላይ የቀረ ወፍ ከዘመዱ ተለይቶ በጊዜ ብዛት ሌላ ዝርያ ይሆናላ። ሰሜንና ደቡብ አሜሪካ ግን ተደምረው 6 ብቻ አላቸው።

ለእኔ ከሁሉም የሚያምረው ደንገል ውስጥ የሚደበቀው ትንሹ ነው። ታንኳ ላይ ሆናችሁ ከተጠጋችሁ አንድ ሰማያዊ ብልጭታ ታያላችሁ፣ አበቃ። የሚገርመው፣ ላባው ውስጥ ሰማያዊ ቀለም የሚባል ነገር የለም። የላባው ረቂቅ አሠራር ብርሃኑን ሲበትነው ነው ለዓይናችን ሰማያዊ የሚሆነው።

ጎጆው ግን ሌላ ነው። ወንዝ ዳር ያለ የአፈር ገደል በመንቁሩ ቆፍሮ ጉድጓዱ ውስጥ ጫጩቶቹን ይፈለፍላል። ጫጩቶቹ እስኪያድጉ ጉድጓዱ በኩስና በዓሣ አጥንት ይሞላል። ላባው እንዲያ አምሮ፣ ቤቱ አፍንጫ ያስይዛል።