«ስምን መልአክ ያወጣዋል»፦ ከአራስ ቤት እስከ ጦር መርከብ

ሰሞኑን ከወዳጆቼ ጋር ቡና እየጠጣን ወሬው ወደ ባሕር ኃይል ሄደ። ኢትዮጵያ ባሕር ኃይሏን እንደገና ማቋቋም ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። ታዲያ ነገ መርከብ ቢኖራት ስሟ ማን ይሁን? አንዱ የሚወደውን ንጉሥ ጠራ። ሌላው የሚወደውን መሪ። ሌላዋ የትውልድ ከተማዋን። ጭቅጭቁ ሲከር አንድ ወጣት «ተዉት ባካችሁ፣ ስምን መልአክ ያወጣዋል!» ብሎ ዘጋው። የፈለገ ሰው የፈለገውን ያውጣ፣ ለውጥ የለውም ማለቱ ነው።

ይሄ አባባል እንዲህ ሲባል ያመኛል። ሀብታሙ የሚባል ሰው ሎተሪ ሲወጣለት «አየህ፣ ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚሉትም አሉ። እሱስ እሺ፣ የለመድነው ነው። ግን የአባባሉ ዋና ነገር ስም ከወጣ በኋላ ያለው ግጥምጥሞሽ አይደለም። ዋናው ስሙ ከመውጣቱ በፊት ያለው ነው።

ያደግሁት ሰሜን ሸዋ ገጠር ነው። እኛ ዘንድ ልጅ ሲወለድ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ጊዜ እልል ይባላል። ገንፎ ይገነፋል፤ መሐሉ ጎድጎድ ተደርጎ ቅቤና በርበሬ ይሞላበታል። ጎረቤት ሴቶች «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ ይገባሉ። ስም ግን ቶሎ አይወጣም። ሕፃኑ ለጊዜው «እንግዳው» ነው። አባት ቸኩሎ «እገሌ ይባልልኝ» ቢል፣ አያቴ «ቆይ እስቲ፣ ይምጣ» ትለዋለች። ስሙ ራሱ ይምጣ ማለቷ ነው።

የአክስቴ ልጅ ስም ሲወጣ ቤት ውስጥ ነበርኩ። አክስቴ ከዚያ በፊት አንድ ልጅ ሞቶባታል። ባሏ አዲሱ ልጅ በሟቹ ወንድሙ ስም እንዲጠራ ፈልጎ ነበር። አያቴ ምድጃው ጥግ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ሴቶች ይገባሉ፣ ይወጣሉ፣ ይመርቃሉ። እሷ ዝም ብላ ትሰማለች። ከወንዝ ማዶ የመጣች አንዲት ሴት ሕፃኑን ገለጥ አድርጋ አየችና «እሰይ፣ ማስረሻ ሰጠሽ!» አለች። አያቴ እንዝርቷን አስቀመጠች። «በቃ፣ መጣ» አለች። ልጁ ማስረሻ ተባለ። አባትየውም ትንሽ ዝም ብሎ «ይሁን» አለ።

ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ የሚባሉት ስሞች እንዲህ ነው የሚወጡት። ቤቱ የደረሰበትን ይዘው ይመጣሉ። ስም አውጪዋ ሥራዋ መስማት ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አባባሉን ከሉቃስ ወንጌል ያመጡታል። መልአኩ ገብርኤል ለካህኑ ዘካርያስ የልጁን ስም ነገረው። በስምንተኛው ቀን ዘመድ ተሰብስቦ «በአባቱ ስም ዘካርያስ ይባል» ሲል ኤልሳቤጥ እንቢ አለች። አባትየውም በሰሌዳ ላይ «ስሙ ዮሐንስ ነው» ብሎ ጻፈ። ደስ የሚል ታሪክ ነው። እኔ ግን አባባሉ ከአራስ ቤት ነው የወጣው ባይ ነኝ። የክርስትና ስም ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ከካህኑ የሚገኝ ነው። ባለቤቱ የታወቀ ነው። ባለቤት የሌለው የቤት ስም ነው። ማን እንደሚያመጣው አይታወቅም፤ ከወንዝ ማዶ የመጣች ሴት አፍ ላይ ሊገኝ ይችላል። እናቶቻችን መልአክ ያሉት ይህንን ይመስለኛል። ደግሞ የሉቃሱን ታሪክ ልብ በሉት፤ እዚያም የተሸነፈው የዘመዶቹ ምርጫ ነው።

ወደ መርከቦቹ ልመለስ። የጦር መርከብ ስም ብዙ ጊዜ ከቢሮ ነው የሚወጣው። በአሜሪካ ከ1819 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሥልጣኑ የባሕር ኃይሉ ሚኒስትር ነው። ያኔ የወጣው ደንብ ትልልቆቹ በግዛቶች፣ መካከለኞቹ በወንዞች፣ አነስተኞቹ በከተሞች ይጠሩ ይል ነበር። መርከቧ ወደ ውሃ ስትወርድ የሻምፓኝ ጠርሙስ አፍንጫዋ ላይ የምትሰብር ሴት ትመረጣለች፤ እንደ ክርስትና እናቷ ናት። ስሙ ግን ቀድሞ በወረቀት አልቋል።

አንዳንዴ ግን መልአኩ በቢሮው በኩል ሳይሆን በሌላ በር ይገባል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1942 ሌክሲንግተን የተባለችው አውሮፕላን ተሸካሚ በኮራል ባሕር ውጊያ ሰጠመች። እሷ በተሠራችበት በማሳቹሴትስ የመርከብ ፋብሪካ ያን ጊዜ ካቦት የተባለች አዲስ መርከብ እየተሠራች ነበር። ሠራተኞቹ «የአዲሷ ስም ይለወጥና ሌክሲንግተን ትባል» ብለው ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸው። ብየዳ ላይ የዋሉ ሰዎች ናቸው። ያቺን በእጃቸው ሠርተው አጥተዋታል። እነ ዮርክታውን፣ ሆርኔትና ዋስፕም በዚያው ዓመት ሲሰጥሙ፣ በመሠራት ላይ ለነበሩ መርከቦች ስማቸው ተሰጠ። የእኛ ሰው ቢሆን ሁሉንም ምትኩ ይላቸው ነበር።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ጁኖ የምትባል መርከብ ስትመታ ሰለቫን የሚባሉ አምስት ወንድማማቾች አብረው አለቁ። በማግስቱ ዓመት አንዲት መርከብ በአምስቱም ስም ተጠራች። ጠርሙሱን የሰበረችው እናታቸው ናት። ይህን ባነበብኩ ቁጥር አክስቴ ትመጣብኛለች።

የዚህ ተቃራኒ ደግሞ የጣልያን ነው፤ እኛንም ይነካናል። ሙሶሊኒ አገራችንን በወረረበት ወቅት የጣልያን ባሕር ኃይል 17 ሰርጓጅ መርከቦች ሠራ። ስማቸውን ስሙ፦ አድዋ፣ አክሱም፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ መቀሌ፣ ሽሬ፣ ተምቤን፣ አላጌ፣ አምባ አራዳም፣ አሸንጌ፣ ነገሌ፣ ደጋሃቡር፣ ዋቢ ሸበሌ። የቀሩት ከኤርትራና ከሶማሊያ ቦታዎች የተወሰዱ ናቸው። በ1888 ዓ.ም. የተዋረዱበትን አድዋን ለመርከብ ስም አደረጉት። ተበቀልን ለማለት ነው። የቦታው ሰው በአፉ ያልሰጣቸውን ስም በጉልበት ወሰዱ።

ከ17ቱ ከጦርነቱ የተረፈችው አንዷ አላጌ ብቻ ናት። መቀሌ ጣልያን ጦርነት ከገባ ገና ቀናት ሳይቆጠሩ፣ ከምፅዋ ወጥታ ቀይ ባሕር ውስጥ ሪፍ (ከውሃው ወለል ሥር ያለ ድንጋይ) ላይ ወጣች። ከማቀዝቀዣው ያፈተለከ ጋዝ ሰዎቿን መርዟቸው ነበር። ባሕረኞቹ አንዲት ትንሽ ደረቅ ደሴት ላይ ወርደው እርዳታ ጠበቁ፤ መርከቧም ተንሸራትታ ሰጠመች። አድዋ በ1941 (እ.ኤ.አ.) ሜድትራንያን ውስጥ ቀረች። ይህን ዝርዝር ያየ ሰው ወዲያው «ስምን መልአክ ያወጣዋል!» ይላል። የለም። አብዛኞቹን ያሰጠማቸው የእንግሊዝና የአጋሮቿ መርከብና አውሮፕላን፣ አንዳንዴም የራሳቸው ብልሽት ነው። ሽሬማ ከመስጠሟ በፊት እስክንድርያ ወደብ ድረስ ጠላቂዎች አስርጋ ሁለት ትልልቅ የእንግሊዝ የጦር መርከቦችን አስመትታለች። አባባሉ እዚህ ቦታ ካለው፣ እነዚህ ስሞች መልአክ ያላወጣቸው መሆናቸውን ለመናገር ብቻ ነው።

በአገር ስም መጥራትም ከባድ ነገር ነው። ሂትለር ዶይችላንድ (በቋንቋቸው «ጀርመን» ማለት ነው) የምትባለውን መርከብ ስሟን ሉትሶቭ ብሎ ያስለወጠው፣ «ዶይችላንድ ሰጠመች» የሚል ዜና እንዳይሰማ ፈርቶ ነው። የኛም ዋና መርከብ ኢትዮጵያ ነበረች። አሜሪካኖች ኦርካ ብለው፣ በአላስካ ባለ ባሕረ ሰላጤ ስም ሠርተዋት፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ለእኛ ሰጡን። አፍንጫዋ ላይ A-01 ተጻፈባት። ምፅዋ ላይ ስንቱ ወጣት ባሕረኛ ሠለጠነባት። በ1983 ዓ.ም. የተረፉት መርከቦች ወደ የመን ሲሸሹ አብራ ሄደች። እ.ኤ.አ. በ1993 የመኖች ለቁርጥራጭ ብረት ሸጧት። «ኢትዮጵያ ለብረት ተሸጠች» የሚለውን ዓረፍተ ነገር መጻፍ ለእኔ ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ነገ መርከብ ስትመጣ ስሟ የቡና ጭቅጭቅ እንዲሆን አልፈልግም። በዚያች «ኢትዮጵያ» በተባለችው መርከብ ላይ የኖሩ፣ ዛሬ ሽበት የወረሳቸው የቀድሞ ባሕር ኃይል አባላት በመካከላችን አሉ። የሞቱባቸውን ጓዶች፣ የተለዩትን ወደብ እነሱ ያውቃሉ። ጠርቶ አስቀምጦ ሲያወሩ መስማት ነው። ከመካከላቸው አንዱ፣ ስም እያወጣ መሆኑን ሳያውቅ፣ ስሙን ይናገረዋል። ይህ ሳይሆን ኮሚቴ በአንድ ከሰዓት ከመረጠ ደግሞ ይምረጥ፤ ሥልጣኑ ነው። ከዚያ በኋላ ግን መልአክ አወጣው አይበለን።