ሽብሸባ በእንጦጦ፦ እንቅስቃሴውና ምሳሌው

እንጦጦ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ጫፍ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ተራራ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የደፉት እዚያው እንጦጦ ማርያም ነው። እንጦጦ ራጉኤልም ብዙ አይርቅም። ክብረ በዓሉ መስከረም 1 ስለሚውል አዲስ ዓመትን እዚያ የሚቀበለው ሰው ብዙ ነው። በበዓላት ቀን ካህናቱና ደብተራዎቹ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆመው ያሸበሽባሉ። ሥርዓቱ አቋቋም ይባላል። መነሻው በ6ኛው ክፍለ ዘመን አክሱም ከነበረው ከቅዱስ ያሬድ ዜማ ነው። ዳዊት በታቦቱ ፊት ማሸብሸቡም ይጠቀሳል።

የምሳሌው ዋና ታሪክ የክርስቶስ ሕማም ነው። ከበሮው ብቻውን ብዙ ይናገራል። ሰፊው አፉ የመለኮት፣ ጠባቡ የትስብእት (ሰው የመሆኑ) ምሳሌ ነው። የሚለብሰው ጨርቅ ጌታን ያለበሱትን ልብስ፣ ዙሪያውን የተጠላለፈው ጠፍር የግርፋቱን ሰንበር፣ ማንገቻው የታሰረበትን ገመድ ያስታውሳል። መቋሚያው መስቀሉ ነው። ካህናቱ በዝማሜ ጊዜ መቋሚያውን ይዘው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያዘነብሉ፣ ጌታን እያዳፉና እየጎተቱ ወደ ቀራንዮ መውሰዳቸውን ያሳያሉ። የጸናጽሉ ሁለት ቋሚዎች ብሉይና ሐዲስ ናቸው። አንድም ያዕቆብ በሕልሙ ያየው፣ መላእክት የሚወጡበትና የሚወርዱበት መሰላል ነው። ሁለተኛው ትርጓሜ የመጀመሪያውን አይሽረውም፤ መምህራኑ ሁለቱንም አብረው ያስተምራሉ።

እኔ ግን ከዕቃዎቹ ይልቅ ፍጥነቱን መከታተል ይበልጥ ይረዳል እላለሁ። መጀመሪያ ያለ ከበሮ በቁም ይዜማል። ዝማሜው ይከተላል። መረግድ በሚባለው ቀጣይ ክፍል ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ። ጽፋት በሚባለው የመጨረሻ ክፍል ምቱ ይፈጥናል፣ ጭብጨባው ይደምቃል፣ እልልታው ይቀልጣል። ብዙ ሰው ስልኩን የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። ያሳዝናል፤ የመጨረሻውን ደስታ ትርጉም የሚሰጠው ያ ዝግ ያለው ክፍል ነው። መጀመሪያውን ያላየ ሰው የሚያየው ሞቅ ያለ ምት ብቻ ነው።

የአቋቋም ተማሪዎች ትምህርታቸውን ጨርሰው የሚመሰከርላቸው ታላቁ ጉባኤ ቤት (የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት) ጎንደር በአታ ነው። ተክሌ የሚባለው አቋቋም ደግሞ ከደብረ ታቦር ጋር ይያያዛል። የአለቃ ገብረ ሐና ፈጠራ እንደሆነና ልጃቸው ተክሌ እንዳስፋፋው ይነገራል። የሰውነቱ ውዝዋዜ በነፋስ የሚወዛወዝ ሸምበቆ ይመስላል።

በከተራና በጥምቀት፣ ጥር 10 እና 11፣ በከተማው ዳርቻ ሁሉ ሌላም ጭፈራ አለ። ከታቦቱ ኋላ ወጣቶች ዱላ ይዘው እየዘለሉ ይጨፍራሉ፤ የሸዋ ኦሮሞ ጨዋታም በዚያው መንገድ ይደምቃል። ይህን በሕማማቱ ምሳሌ መተርጎም ስህተት ይሆናል። እዚህ መታየት ያለበት አውጪው፣ ማለትም ዘፈኑን የሚመራው፣ ማን እንደሆነ፣ ተቀባዮቹ እንዴት እንደሚመልሱለት፣ ክቡ መቼ ለአዲስ ሰው እንደሚከፈት ነው።