ስኮሊዮሲስ ምንድን ነው? ከቦርሳ አይመጣም፣ «ቀጥ በዪ» በማለትም አይድንም

ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ ሦስት ሰዎች ላኩልኝ። ሰውየው የተማሪ ቦርሳ ከፍ አድርጎ ይዞ «ልጆቻችንን ስኮሊዮሲስ የሚያሲዛቸው ይሄ ነው» ይላል። ከዚያ ጀርባ ላይ የሚታሰር የላስቲክ ቀበቶ ያወጣና በ30 ቀን እንደሚያቃና ይናገራል። ከላኩልኝ ሰዎች አንዷ የ12 ዓመት ልጇን ይዛ የመጣች እናት ናት። ገና ሳትቀመጥ «ቦርሳዋን ቀድሜ ማቅለል ነበረብኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ብላ አለቀሰች። እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ይህን ለቅሶ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አንድም ቀን ተገቢ ሆኖ አላገኘሁትም።

ስኮሊዮሲስ አከርካሪ ወደ ጎን ሲጣመም ነው ይባላል። ይህ ግማሹ ነው። አከርካሪው ወደ ጎን ሲሄድ በራሱ ዙሪያም ይጠመዘዛል፣ ሲጠመዘዝ የጎድን አጥንቶችን ይዟቸው ይዞራል፣ ጀርባው በአንድ በኩል ከፍ ብሎ የሚታየውም ለዚህ ነው። ስልክ ላይ አቀርቅሮ መጉበጥ ሌላ ነገር ነው። እሱ ወደ ፊት ነው፣ ጠመዝማዛ የለውም፣ ልጁ ቀና ሲል ይጠፋል። የተጠመዘዘ አከርካሪ ግን «ቀጥ በዪ!» ስለተባለ አይመለስም። ልጅቷ ትሞክራለች፣ አይሆንላትም፣ ከዚያ ጀርባዋን መደበቅ ትጀምራለች። በሰፊ ሹራብ ተሸፍኖ ዓመት ያለፈበት ጀርባ ስንት አይቻለሁ።

ልዩነቱን ቤት ውስጥ ማየት ይቻላል። ልጅቷ ጀርባዋን ገልጣ፣ እግሯን ገጥማ፣ ሁለት መዳፎቿን አጋጥማ፣ በሶላት ላይ ሩኩዕ እንደሚደረገው ከወገቧ ታጎንብስ። እናንተ ከኋላ ሆናችሁ ጀርባዋን ተመልከቱ። የልማድ መጉበጥ ከሆነ ግራና ቀኙ እኩል ነው። አንዱ ጎን ከፍ ካለ ሐኪም ይየው። አዳምስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1865 የገለጸው ምርመራ ነው፣ ዛሬም እንሠራበታለን። ቁርጡን የሚነግረን ኤክስሬይ ነው፤ ጥመቱ 10 ዲግሪ ካልሞላ ስኮሊዮሲስ አንለውም።

ሰውየው ቪዲዮው ላይ «እንጨት የሚቃናው በለጋነቱ ነው» ይላል። ምሳሌው የኛው ሙያ ነው። አንድሪ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በፈረንጆቹ 1741 የተጣመመ ዛፍ ከቀጥ ያለ ግንድ ጋር በገመድ ታስሮ የሚያሳይ ሥዕል አውጥቶ ነበር፣ ሥዕሉ እስከ ዛሬ የአጥንት ሕክምና ምልክት ነው። እኔም ምሳሌውን እወደዋለሁ። ግን እስከ መጨረሻው እንውሰደው።

አንደኛ፣ ዛፉ የተጣመመው ሰው ስለተደገፈበት አይደለም። ሲያድግ እንዲያ ሆኖ ነው ያደገው። ከ10 ስኮሊዮሲስ 8 ያህሉ መነሻው አይታወቅም፣ በዘር የመምጣት ነገር እንዳለው ግን እናውቃለን። የቀረው አንዳንዱ ከተፈጥሮ የአጥንት አፈጣጠር፣ አንዳንዱ እንደ ፖሊዮ ካሉ የነርቭና የጡንቻ ሕመሞች ይመጣል። ቦርሳ እዚህ ውስጥ የለም።

ሁለተኛ፣ ክረምቱን አትርሱ። ባህር ዛፍ በክረምት ሽቅብ እንደሚመዘዘው ልጅም በጉርምስና ይመዘዛል፣ ጥመቱም አብሮ የሚፈጥነው ያኔ ነው። ስለዚህ ዲግሪው ብቻውን ብዙ አይነግረኝም። የወር አበባ ያላየች የ12 ዓመት ልጅ 25 ዲግሪ ካላት እቸኩላለሁ፤ እድገቷን የጨረሰች የ17 ዓመት ልጅ 25 ዲግሪ ቢኖራት እረጋጋለሁ። ትንሹ ጥመት ወንድ ሴት አይመርጥም፣ እየባሰ የሚሄደው ግን በብዛት የሴቶች ነው።

ሦስተኛ፣ ገመዱ። ልጁ እያደገ ሳለ ከ25 እስከ 40 ወይም 45 ዲግሪ ላይ ብሬስ ይታዘዛል። ብሬስ በልጁ አካል ልክ የሚሠራ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፣ በተመረጡ ቦታዎች ይገፋል፣ ብዙ ጊዜ በቀን 18 ሰዓት ይለበሳል። የላስቲኩ ቀበቶ ትከሻ ወደ ኋላ ይጎትታል እንጂ ጠመዝማዛውን አይነካውም። ምሳሌው የሚሰበረውም እዚህ ነው፤ ገመድ ዛፉን ያቃና ይሆናል፣ የብሬስ ሥራ ግን ባለበት ማቆም ነው። በፈረንጆቹ 2013 በወጣ የአሜሪካና የካናዳ ጥናት ብሬስ ከለበሱት 72 በመቶው 50 ዲግሪ ሳይደርሱ አድገው ጨርሰዋል። ካልለበሱትም 48 በመቶው አልደረሱም፤ ይህንንም መናገር አለብኝ። 50 ዲግሪ ካለፈ እድገት ካቆመም በኋላ ቀስ እያለ ስለሚጨምር ቀዶ ሕክምና ይታሰባል። ከባድ ጥመት ያለባቸው ብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኢትዮጵያ ውስጥ ለብዙ ዓመታት በሠራው አሜሪካዊ ሐኪም በዶክተር ሪክ ሆደስ በኩል ጋና ሄደው የታከሙት ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በአገራችን፣ መሃል አከርካሪ ላይ ሹል ብሎ የወጣ ጉብታ፣ ትኩሳት ወይም የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ እግር መክዳት ካለ ስኮሊዮሲስ ብላችሁ አትለፉት። የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። መድኃኒት አለው። ወጌሻ ጋ ወስዳችሁ አታሳሹት፤ የተበላ አጥንት ሲታሽ ነርቭ ይጎዳል።

እንቅስቃሴስ? ለስኮሊዮሲስ ተብለው የተዘጋጁ ልምምዶች አሉ፣ እኔም አሠራለሁ፣ ግን ብሬስ ለታዘዘለት ልጅ የብሬስ ምትክ አይሆኑም። ስፖርት ደግሞ አትከልክሏቸው። ዩሴን ቦልት ስኮሊዮሲስ አለበት፣ 100 ሜትርን በ9.58 ሰከንድ ሮጧል።

ያቺ ልጅ 22 ዲግሪ ነበረች። ብሬስ አልታዘዘላትም፣ ከአራት ወር በኋላ ትታያለች። ለእናቷ ሁለት ነገር ነገርኳት። ኤክስሬዩ ቆማ፣ ሙሉ አከርካሪዋ በአንድ ላይ ይነሳ። የድሮው ፊልም ደግሞ አይጣል፣ ምክንያቱም በልኬት ብቻ እስከ 5 ዲግሪ ልዩነት ሊመጣ ስለሚችል 22 የነበረው 25 ቢባል የግድ ባሰ ማለት አይደለም፣ ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ያስፈልጋል።

በሩ ላይ ደርሳ «ቦርሳውስ?» አለችኝ።

«ትከሻዋን ካመማት ያቅልሉላት» አልኳት። «ጀርባዋን ግን ቦርሳው አላጣመመውም። እርስዎም አላጣመሙትም።»