ለዓመታት የተከመሩ ባጎችን ማጥራት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሊብሬኦፊስ የተባለው ነፃ የቢሮ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2010 ከኦፕንኦፊስ ተገንጥሎ ሲወጣ ኮዱን ብቻ ሳይሆን ስህተቶቹንም (ባጎቹንም) ወርሷል። ዛሬ ባግዚላ በሚባለው የስህተት ሪፖርቶች መዝገቡ ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይዘጉ የቆዩ ሪፖርቶች አሉ። እንዲህ ያለውን ክምር ስለማጥራት በኦፕን ሶርስ (ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት በሆኑ ፕሮግራሞች) ሰፈር የሚባለው አብዛኛው ነገር ቁጥር ከመቀነስ ጋር የተያያዘ ነው። ሥራው ግን እያንዳንዱ ሪፖርት ዛሬም እውነት መሆን አለመሆኑን ማጣራት ነው።

«ማንም ሳይነካው ሁለት ዓመት ያለፈው ባግ ሞቷል፤ በሮቦት ይዘጋ»

ዝምታ ባጉ መጥፋቱን አያሳይም። ሪፖርት ያደረገው ሰው ችግሩን የሚያልፍበት መላ አግኝቶ፣ ወይም ተስፋ ቆርጦ ወደ ሌላ ፕሮግራም ሄዶ ሊሆን ይችላል። ባሽ በተባለው ትዕዛዝ ተቀባይ ፕሮግራም ውስጥ የተገኘው ሼልሾክ የተባለ የደህንነት ቀዳዳ በ2014 ይፋ እስኪወጣ ድረስ ከ1989 ጀምሮ ኮዱ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። (መዝገብ ላይ የነበረ ባግ አልነበረም፤ ስህተት በዕድሜ ብዛት እንደማይጠፋ ግን በደንብ ያሳያል።) በጅምላ መዝጋት ሌላም ጣጣ አለው፦ ያው ባግ እንደ አዲስ ይመዘገባል፣ በአሮጌው ሪፖርት ላይ የተያያዘው ናሙና ፋይልና የተደረገው ምርመራ ተረስቶ ይቀራል።

ሊብሬኦፊስ ሁለት ዓይነት ዝምታን ይለያል። ተረጋግጦ ከአንድ ዓመት በላይ ያልተነካ ሪፖርት ላይ «በአዲሱ ቨርዥን እንደገና ሞክሩልን» የሚል መልእክት ይለጠፋል እንጂ አይዘጋም። ተጨማሪ መረጃ ተጠይቆ መልስ የጠፋበት ግን ስድስት ወር ሲሞላው ማስታወሻ ይጻፍበታል፤ አሁንም ዝም ከተባለ ከወር ገደማ በኋላ «በቂ መረጃ የለም» ተብሎ ይዘጋል። መረጃው ዘግይቶም ቢመጣ ተመልሶ ይከፈታል።

«ኮድ የማይጽፍ ሰው እዚህ ምን ይሠራል?»

አብዛኛውን ሥራ። አሮጌ ባግን እንደገና ለመፈተሽ አዲሱን ቨርዥን ያውርዱ (በሊኑክስ ሳይጫን የሚሠራውን አፕኢሜጅ ፋይል ከወሰዱ የተጫነውን መንካት አያስፈልግም)፣ ከሪፖርቱ ጋር የተያያዘውን ፋይል ይክፈቱ፣ የተጻፉትን ደረጃዎች ሳይዘሉ ይከተሉ። ባጉ ከታየ ከእገዛ ምናሌው ፕሮግራሙን በሴፍ ሞድ (የግል ቅንብሮችና ተጨማሪዎችን ሳይጠቀም) እንደገና ያስነሱ። እዚያ ከጠፋ ጥፋቱ የተጠቃሚው ፕሮፋይል ወይም የተጨመረ ኤክስቴንሽን ሊሆን ይችላል። እዚያም ካለ የመጀመሪያውን ቨርዥን 3.3ን ይሞክሩ። በ3.3 ከታየ ከኦፕንኦፊስ የተወረሰ ነው። ካልታየ ቀድሞ ይሠራ የነበረ ነገር በኋላ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ለፕሮግራመሮቹ ከዚህ የሚበልጥ ፍንጭ የለም። «አሁንም አለ» ብቻ ብሎ መሄድ ግን ለማንም አይጠቅምም፤ ስለ ፕሮግራሙ በሚለው መስኮት ያለውን የቨርዥንና የኦፕሬቲንግ ሲስተም መረጃ ሙሉውን ገልብጠው ይለጥፉ።

በአማርኛ ሰነድ ላይ የሚታዩ ባጎች አንድ የተለየ ችግር አለባቸው። ፈታኙ ኮምፒውተር ላይ ሰነዱ የተጻፈበት እንደ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ያለ የአማርኛ ፎንት ከሌለ ፕሮግራሙ በሌላ ፎንት ይተካዋል፣ መስመሮቹ ሌላ ቦታ ይሰበራሉ፣ ባጉም ሊጠፋ ወይም መልኩን ሊቀይር ይችላል። ስለዚህ የፎንቱን ስም ይጻፉ፤ ፈቃዱ ከፈቀደም በሰነዱ መግለጫ ውስጥ ባለው የፎንት ገጽ ላይ ፎንቱ ከሰነዱ ጋር እንዲቀመጥ ያድርጉ። የሚታየውን የሚያሳይ ምስልም ያያይዙ።

«አሁን ካልታየ ‹ተስተካክሏል› ብሎ መዝጋት ነው»

አይደለም። «ተስተካክሏል» የሚባለው ያስተካከለው ኮሚት (የተመዘገበ የኮድ ለውጥ) ሲታወቅ ብቻ ነው። ካልታወቀ ትክክለኛው ምልክት «እኔ ጋ ይሠራል» ነው። ልዩነቱ የቢሮክራሲ ጉዳይ አይደለም፤ ሪፖርቱ የተጻፈው ዊንዶውስ ላይ ሆኖ ፈተናው ሊኑክስ ላይ ከተደረገ ምንም ሳይስተካከል ባጉ የጠፋ ሊመስል ይችላል። በተቻለ መጠን በዚያው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይፈትሹ።

«መነሻውን መፈለግ የወራት ሥራ ነው»

ጊት የተባለው የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ ባይሴክት በሚባለው ትዕዛዙ ባጉን ያመጣውን ኮሚት በየጊዜው መሀሉን እየቆረጠ ስለሚፈልግ 1,000 ኮሚት በ10 ያህል ሙከራ፣ 4,000ው በ12 ያህል ያልቃል። ሊብሬኦፊስን በየሙከራው ኮምፓይል ማድረግ (ከኮዱ ፕሮግራሙን መገንባት) አድካሚ ስለሆነም ተዘጋጅተው የተቀመጡ ቨርዥኖች ያሉበት ቢባይሴክት (bibisect) የሚባል ማከማቻ አለ። ማውረዱ ብዙ ጊጋባይት ይበላል፤ ኔትወርክ ካልተመቸ ሌላ ሰው እንዲሠራው የሚጠይቅ ቁልፍ ቃል ሪፖርቱ ላይ መጨመር ይበቃል።

የሚያበላሸው የተሳሳተ መልስ ነው። አንዱን መጥፎ ቨርዥን «ደህና» ካሉት የቀረው ፍለጋ በሙሉ ወደ ተሳሳተው ግማሽ ይሄዳል። ስለዚህ አንዳንዴ ብቻ የሚከሰት ባግ ከሆነ «ደህና» ከማለትዎ በፊት ደጋግመው ይሞክሩ። ጭራሽ የማይነሳ ቨርዥን ደግሞ «ይታለፍ» እንጂ «መጥፎ» አይባልም፤ ፍለጋውን በስክሪፕት ለሚያስኬድ ሰው፣ ስክሪፕቱ ይህንን ለባይሴክት የሚነግረው ሲጨርስ በሚመልሰው ቁጥር (የመውጫ ኮድ) 125 ነው።

«ከአሮጌው ይጀመር»

በቀን ቅደም ተከተል መሄድ ጉልበት ይጨርሳል። ዳታ የሚያጠፉ፣ ፕሮግራሙን የሚዘጉና ቀድሞ ይሠራ የነበረን ነገር ያበላሹ ይቅደሙ፤ ከእነዚህም ውስጥ ናሙና ፋይል ያላቸው። ቀጥሎ በክፍል መሄድ ይሻላል፤ የካልክን (የሊብሬኦፊስን የሠንጠረዥ ፕሮግራም) የህትመት ባጎች አንድ ላይ ያነበበ ሰው ተመሳሳዮቹን ቶሎ ይለያል። ዕድሜ ለብቻው ብዙም አይናገርም፤ ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ሲስተም ባግ ቁጥር 1 ከ2004 እስከ 2013 ክፍት የቆየው የማይክሮሶፍትን የገበያ ድርሻ የሚከስ ሪፖርት ስለነበረ ነው።

ሁለት ሪፖርቶች አንድ ባግ ሆነው ሲገኙም ቀድሞ የተመዘገበው የግድ አይቀመጥም። ደረጃዎቹ አጭርና ግልጽ የሆኑት፣ ፋይሉና የባይሴክት ውጤቱ ያለበት ይቆይ፤ ሌላው ወደ እሱ ተጠቁሞ «ድግግሞሽ» ተብሎ ይዘጋ።