የሴካፋ ዋንጫ፦ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ጎረቤታሞች ውድድር

የሴካፋ ዋንጫ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ እግር ኳስ ማኅበራት ምክር ቤት በአባል አገሮቹ ዋና ብሔራዊ ቡድኖች መካከል የሚያዘጋጀው ውድድር ነው። ምክር ቤቱ 12 አባላት ሲኖሩት እነርሱም ኢትዮጵያ፣ ኤርትራ፣ ጅቡቲ፣ ሶማሊያ፣ ሱዳን፣ ደቡብ ሱዳን፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ሩዋንዳ፣ ቡሩንዲ እና ዛንዚባር ናቸው። ዛንዚባር የታንዛኒያ አካል ብትሆንም በሴካፋ ግን የራሷን ቡድን ይዛ ትሰለፋለች፤ አንዳንዴም ከዋናው ምድር ከመጣው የታንዛኒያ ቡድን ጋር ትገናኛለች። ስለ ውድድሩ በአማርኛ የተጻፈው አብዛኛው ነገር የየጨዋታው ዘገባ በመሆኑ፣ እዚህ የተሰበሰበው በይበልጥ የፍጻሜ ውጤቶችንና ኢትዮጵያ የተሳተፈችባቸውን ዓመታት የሚመለከት ነው። «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተለየ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አመጣጡ

ውድድሩ በአህጉሩ ካሉት የብሔራዊ ቡድኖች ውድድሮች ሁሉ አንጋፋው እንደሆነ ይነገርለታል። መነሻው በ1926 ኬንያና ኡጋንዳ ናይሮቢ ላይ የተጫወቱበት የጎሴጅ ዋንጫ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ዋንጫውን ካበረከተው የእንግሊዝ የሳሙና አምራች ነው። የመጀመሪያው ግጥሚያ 1 ለ 1 በማለቁ ተደግሞ ኬንያ 2 ለ 1 አሸነፈች። ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ዋንጫው የሁለቱ ቅኝ ግዛቶች ጉዳይ ብቻ ሆኖ ከቆየ በኋላ በ1945 ታንጋኒካ፣ በ1949 ደግሞ ዛንዚባር ተቀላቀሉ። የጎሴጅ ዋንጫ በ1966 አብቅቶ ከ1967 ጀምሮ በሌላ ስም ለጥቂት ዓመታት ቀጠለ።

አሁን በሚታወቅበት መልኩ የተጀመረው በ1973 ካምፓላ ላይ ሲሆን፣ ኡጋንዳ በፍጻሜው ታንዛኒያን 2 ለ 1 ረትታ የመጀመሪያዋ ባለድል ሆነች። ዛምቢያ፣ ማላዊና ዚምባብዌም በዚያ ዘመን ከነባር ተፎካካሪዎች መካከል ነበሩ። ማላዊ በ1978 እና በ1979 በተከታታይ፣ ኬንያ ደግሞ ከ1981 እስከ 1983 ሦስት ጊዜ ሳታቋርጥ አሸንፈዋል። የደቡቡ አፍሪካ አገሮች በ1997 የራሳቸውን ምክር ቤት ኮሳፋን ካቋቋሙ ወዲህ ግን ሦስቱ አገሮች በሴካፋ የሚታዩት በተጋባዥነት ብቻ ነው።

የታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. ድል

ኢትዮጵያ ውድድሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተናገደችውም ያሸነፈችውም በአንድ ዓመት፣ በ1987 ነው። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተባበሩት ዓረብ ሪፐብሊክን (ያኔ የግብፅ መጠሪያ) በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ካነሳች በኋላ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ዋንጫ የናፈቀው ሕዝብ ነበር ስታዲየሙን የሞላው። የዚያን የ1954ቱን ቡድን ያሠለጠኑት፣ ኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ለአሥራ አምስት ዓመታት የመሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በዚያው 1987 ነሐሴ ወር ነበር ያረፉት፤ ውድድሩ ሲደርስ አራት ወር ገደማ ብቻ አልፎ ነበር።

ተጋጣሚዋ ዚምባብዌ ቀላል ቡድን አልነበረችም። በ1985 በራሷ ሜዳ ዋንጫውን አንስታ ነበር፤ በ1986 ውድድሩ ስላልተካሄደም አዲስ አበባ የገባችው ባለ ክብሯ ሆና ነው። ፍጻሜው 1 ለ 1 ተጠናቆ ወደ መለያ ምት አመራ፤ ኢትዮጵያም 5 ለ 4 አሸነፈች። ካታንጋና ሚስማር ተራ ከሚባሉት የስታዲየሙ መቀመጫዎች ሆኖ ያየው፣ ቤቱ ሬዲዮ ከብቦ የሰማውም ትውልድ ያንን ውጤት እስከ ዛሬ «የሰማንያው ሴካፋ» ብሎ ይጠራዋል፤ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ መጥራት በቂ ነው፣ የቱ ጨዋታ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ውድድሩን «የመንደር ዋንጫ» እያሉ የሚያጣጥሉ የስፖርት ተንታኞች በየጊዜው ይነሳሉ። ያቺን የመጨረሻ ምት ሲጠብቅ የነበረ ሰው ግን በዚህ ስያሜ የሚስማማ አይመስልም።

ሦስቱ ተከታይ ድሎች

ቀጣዩ ዋንጫ አሥራ አራት ዓመት ፈጅቷል። በ2001 ኪጋሊ ላይ ኢትዮጵያ ኬንያን 2 ለ 1 አሸነፈች፤ ከአገር ውጭ የተገኘ የመጀመሪያው የሴካፋ ዋንጫም ይኸው ነው። በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ቡሩንዲ 3 ለ 0 ተረታች፤ ከአራቱ ፍጻሜዎች ያለ ጭንቀት የታየው ይህ ብቻ ነው። በዓመቱ ደግሞ ቡድኑ እንደገና ኪጋሊ ሄዶ አስተናጋጇን ሩዋንዳን በደጋፊዎቿ ፊት 1 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን ይዞ ተመለሰ። በአምስት ዓመት ውስጥ ሦስት ዋንጫ ማንሳት በአገሪቱ የእግር ኳስ ታሪክ ወደር የለውም። ውድድሩ በዚህ ወቅት በሼክ መሐመድ አል አሙዲ ይደገፍ ስለነበር በእርሳቸው ስም ይጠራ ነበር።

አከራካሪው የ1999 ዓ.ም. ፍጻሜ

በ2006 (1999 ዓ.ም.) ውድድሩ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ለፍጻሜ የደረሱት ሱዳንና ተጋባዧ ዛምቢያ ሲሆኑ ጨዋታው ያለ ግብ ተጠናቆ በመለያ ምት ዛምቢያ 11 ለ 10 አሸነፈች። ይሁን እንጂ ዛምቢያ የምክር ቤቱ አባል ስላልሆነች ሻምፒዮንነቱ ለሱዳን ተሰጠ። ከዚህ የተነሳ ሰንጠረዦች እርስ በርስ አይስማሙም፤ አንዱ ለሱዳን ሦስት ዋንጫ ሲቆጥር ሌላው ሁለት ይላል፣ የዛምቢያም እንዲሁ ሁለት ወይም ሦስት ይሆናል። ደንቡ ደንብ ነው፤ ሆኖም ከሃያ በላይ ምት አስመትቶ አሸናፊውን ባዶ እጁን መሸኘት ለተመልካች የሚዋጥ ነገር አልነበረም፤ ዋንጫ መውሰድ የማይፈቀድለትን ቡድን መጀመሪያውኑ ለምን ይጋብዙታል የሚለው ጥያቄም ተገቢ ይመስላል። በ2010 ዳሬ ሰላም ላይ ተጋባዧ ኮትዲቯር ለፍጻሜ በደረሰች ጊዜ ታንዛኒያ 1 ለ 0 በማሸነፏ ጉዳዩ ሳይነሳ ቀረ።

የኢትዮጵያ አራት ዋንጫ በየትኛውም ሰንጠረዥ አራት ነው። ከ1973 ወዲህ ባለው ቆጠራ ኡጋንዳ በ15 ዋንጫ ትመራለች፣ ኬንያ በ7 ትከተላለች። ከኡጋንዳ ድሎች መካከል የ2000ው ለየት ይላል፤ አስተናጋጇ ሁለት ቡድን አሰልፋ ዋናው ቡድን ሁለተኛውን በፍጻሜ 2 ለ 0 አሸንፏል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የሩዋንዳ ሁለተኛ ቡድን ዋንጫውን ወስዷል።

የኅዳር 2008 ዓ.ም. ዝግጅት

ኢትዮጵያ የ2014ቱን ውድድር ለማስተናገድ ተረክባ የነበረ ቢሆንም አልቻለችም፤ ውድድሩም በዚያ ዓመት ቀረ። በዓመቱ ግን በአዲስ አበባ፣ በሐዋሳና በባሕር ዳር አካሄደችው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ዋልያዎቹ የመክፈቻውን ጨዋታ በሩዋንዳ 1 ለ 0 ተሸንፈው ጀመሩ፤ እንደምንም እስከ ግማሽ ፍጻሜ ከዘለቁ በኋላም ከኡጋንዳ ጋር ያለ ግብ ተለያይተው በመለያ ምት ወደቁ። የኡጋንዳ አሠልጣኝ ያኔ ሚሉቲን ሚቾ ሴሬዶዬቪች ነበሩ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስን ለዓመታት ያሠለጠኑ በመሆናቸው ሜዳውንም፣ ከፍታውንም፣ ተጫዋቾቹንም እንደ ቤታቸው ያውቁት ነበር። ኡጋንዳ በፍጻሜው ሩዋንዳን በሲዛር ኦኩቲ ግብ 1 ለ 0 ስታሸንፍ፣ ኢትዮጵያ ሱዳንን በመለያ ምት ረትታ ሦስተኛ ሆነች። የተሸናፊዋ ሩዋንዳ አሠልጣኝ ጆናታን ማኪንስትሪ ከአራት ዓመት በኋላ ራሷን ኡጋንዳን ይዘው በ2019 ዋንጫውን ማንሳታቸውም የውድድሩ ሰፈር ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ያሳያል።

ሌሎች ፍጻሜዎችና የውድድሩ ችግሮች

ኬንያ በታኅሣሥ 2013 ሱዳንን በአለን ዋንጋ ሁለት ግቦች ያሸነፈችው ነፃነቷን ያገኘችበት ሃምሳኛ ዓመት በተከበረበት ዕለት ነበር። በ2017 ማቻኮስ ላይ የተካሄደው ፍጻሜ ደግሞ የዛንዚባር ነው ቢባል ያስኬዳል። ደሴቲቱ በዚያ ዓመት መጋቢት የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ሙሉ አባል ሆና በሐምሌ አባልነቷ ተነሥቶባት ነበር፤ በታኅሣሥ ግን በፍጻሜው ኬንያን 2 ለ 2 ይዛ እስከ መለያ ምት ደረሰች። ግብ ጠባቂው ፓትሪክ ማታሲ ሦስት ምቶች አድኖ ዋንጫውን ለኬንያ አስቀረ፤ ይኸው ማታሲ ብዙም ሳይቆይ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተሰልፏል።

ውድድሩ ከሜዳ ውጭ ባለ ታሪክም ይታወሳል። በ2009 ናይሮቢ ላይ፣ በ2012 ደግሞ ካምፓላ ላይ አብዛኞቹ የኤርትራ ተጫዋቾች ወደ አገራቸው ሳይመለሱ ቀርተው ጥገኝነት ጠይቀዋል። ኤርትራ እንዲህ እየተመናመነች ከቆየች በኋላ በ2019 ለፍጻሜ ደርሳ በኡጋንዳ 3 ለ 0 ተሸንፋለች።

የሴካፋ ዋና ሕመም ግን መቆራረጥ ነው። በ1986፣ በ1993፣ በ1997፣ በ1998፣ ከዚያም በ2014፣ በ2016 እና በ2018 አልተካሄደም፤ አንዳንዴ አስተናጋጁ በመጨረሻ ሰዓት ይተወዋል፣ ሌላ ጊዜ ገንዘብ ይጠፋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ክለቦች ተጫዋች የመልቀቅ ግዴታ በሌለባቸው ሳምንታት በመሆኑ በውጭ የሚጫወቱት አይመጡም፤ ቡድኖቹም በአገር ውስጥ ሊግ ተጫዋቾች ይዋቀራሉ። ይህ ለውድድሩ ስም ጎጂ ቢሆንም ለወጣት ተጫዋቾች በር እንደከፈተ አይካድም። ከ2019 በኋላም ዋናው ውድድር ለዓመታት ተቋርጦ፣ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ የተካሄደው ዕድሜያቸው ከ23 ዓመት በታች ለሆኑ ቡድኖች ነበር፤ ታንዛኒያም በፍጻሜው ቡሩንዲን በመለያ ምት አሸንፋ ዋንጫውን ወስዳለች።