ማርም ስኳር ነው፦ ስለ ሕፃናት የመጀመሪያ ልደት ኬክ የምሰማቸው ስህተቶች

ኬክ በትእዛዝ መጋገር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ለአንድ ዓመት ልደት የሚደውሉ እናቶች አሁን አሁን «ስኳር እንዳይበዛበት» ይሉኛል። ደስ ይለኛል። ወዲያው ግን ይቀጥላሉ፦ «በስኳር ፋንታ ማር አድርጊበት።» ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ ተደወለልኝ። በስልክ መድገሙ ሰለቸኝና ልጽፈው ተቀመጥኩ።

ማር እንወዳለን። ጉንፋን ሲይዘን ጦስኝ በማር እንጠጣለን፣ ለአራስ አጥሚት ላይ ጠብ እናደርጋለን። «መድኃኒት ነው» እየተባልን ነው ያደግነው። ነገር ግን የማር 80 በመቶ ገደማው ስኳር ነው። የቀረው አብዛኛው ውሃ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ወደ 17 ግራም ስኳር አለው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ነጭ ስኳር ግን 12 ግራም ገደማ ነው። ማር ስለሚከብድ በማንኪያ ሲለካ እንዲያውም ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅትም ቀንሱ የሚለውን ስኳር ሲዘረዝር ማርን ከነጩ ስኳር ጋር ነው የሚቆጥረው።

ይህ የመጠን ነገር ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላው ነው። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ማር ጨርሶ መቅመስ የለበትም። ማር ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን ነርቭ የሚያደክም በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ ስፖር፣ ማለትም ተኝቶ የሚቆይ ጠንካራ ዘር መሰል ነገር፣ ሊኖር ይችላል። የትልቅ ሰው አንጀት አያሳድገውም። ሕፃን ሆድ ውስጥ ግን አድጎ መርዝ ያመነጫል። ልጁ ሆዱ ይደርቃል፣ መጥባት ያቅተዋል፣ ለቅሶው ይደክማል፣ አንገቱ ይዝላል፣ ሲብስ መተንፈስ ይሳነዋል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም። ካጋጠመ ግን ቀጥታ ሆስፒታል ነው።

«ዓመት ሊሞላው አይደል እንዴ?» ይሉኛል። ችግሩ እኛ ጋ ልደት ይቀደማል። ዐቢይ ጾም ሊገባ ነው፣ አባት ወደ ውጭ ሊመለስ ነው፣ አያት ከክፍለ ሀገር መጥታለች። አንዷ ደንበኛዬ ጾሙ ሳይገባ ብላ ተጣድፋ አዘዘች፤ በማር ይሁን አለች። ልጁ ስንት ወሩ ነው? አልኳት። «አስር ወር ተኩል።» ማር አይሆንም ስላት «ኦቭን ውስጥ ይበስል የለ?» አለችኝ። አይበቃም። ኦቭኑ 180 ዲግሪ ቢሆንም የኬኩ መሃል ከ100 ዲግሪ አያልፍም። ያ ስፖር ደግሞ የፈላ ውሃ እንኳ አይገድለውም፤ 121 ዲግሪ በግፊት ይፈልጋል። ኬኩን በሙዝ ሠራሁላት። በኋላ ደውላ ልጁ በሁለት እጁ እያፈሰ እንደበላ ነገረችኝ።

ቡኒ ስኳር? ያው ስኳር ነው።

የታሸገም ሆነ ቤት የተጨመቀ ጁስ ኬክ ውስጥ መጨመርም እንደዚያው። ፍሬው ሙሉውን ይግባ።

«የጾም ኬክ ስለሆነ ለሕፃን ይሻላል» የሚለውንም ሁሌ እሰማለሁ። የጾም ኬክ የሚለየው እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ ስለሌለው ነው። ስኳሩ አልተነካም። እንዲያውም ለልጁ የሚጠቅመውን እንቁላል አውጥተን ስኳሩን ትተንለታል ማለት ነው።

«ሹገር ፍሪ» የሚል ዕቃ ይዛችሁልኝ አትምጡ። በውስጡ ያለው ማጣፈጫ ለሕፃን አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 (እ.ኤ.አ) ባወጣው የሕፃናት አመጋገብ መመሪያ ከ6 እስከ 23 ወር ላሉ ልጆች እነዚህ ማጣፈጫዎች እንዳይሰጡ ይላል። ብዙ ስኳር ያለበትን ምግብም እንዲሁ ይከለክላል።

ብዙዎች የሚስቱት ክሬሙን ነው። «ከውስጡ ስኳር ቀንሺ» ብለው ያዝዙና ላዩ ላይ የፊደል፣ የአበባ፣ የአንበሳ ቅርጽ ይፈልጋሉ። በቅቤ የሚሠራ ክሬም ለ250 ግራም ቅቤ ግማሽ ኪሎ ዱቄት ስኳር ይወስዳል። እንደ ሊጥ ተዳምጦ ኬኩ ላይ የሚለበጠው ፎንዳንትማ ከሞላ ጎደል ስኳር ነው። ሕፃን ደግሞ መጀመሪያ ጣቱን የሚሰድደው ክሬሙ ውስጥ ነው! ከውስጥ ሁለት ማንኪያ ቀንሶ ላዩን እንደዚያ መሸፈን ምንም አልቀነሰም።

«ያለ ስኳር ኬክ አይነሳም» የሚሉም አሉ። ኬክ የሚያነሳው ቤኪንግ ፓውደሩና የተመታው እንቁላል ነው። ስኳር የሚያደርገው ማለስለስ፣ እርጥበት መያዝና ማቅላት ነው። ስለዚህ ስኳር የሌለው ኬክ ነጣ ይላል፣ ቶሎም ይደርቃል። በዕለቱ ይበላ።

«ስኳር ልጁን ያቅበጠብጠዋል» የሚለውም ልክ አይደለም። በ1995 (እ.ኤ.አ) ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው ሲመረመሩ ስኳር የልጆችን ባህሪ እንደሚለውጥ የሚያሳይ ነገር አልተገኘም። ልጁ የሚረበሸው በእንግዳው ብዛት፣ በሙዚቃውና በቀረበት እንቅልፍ ነው። ስኳሩን የምንቀንሰው ለጥርሱና ገና እየለመደ ላለው ምላሱ ነው።

ምላሱን ካነሳሁ፣ «ካልጣፈጠው አይበላም» የሚሉኝ አያቶች አሉ። እማማ፣ የጡት ወተት ራሱ ጣፋጭ ነው፤ ልጁ ጣዕም ያውቃል። በደንብ የበሰለ ሙዝ ለእሱ ከበቂ በላይ ነው። «ትንሽ ጣፈጥ ቢልስ?» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ እንግዳው ነው። ለእንግዳ ትልቁን ኬክ እዘዙ፤ ድፎ ዳቦውም አለ። ለልጁ በመዳፍ የምታክል የራሱ ኬክ ትበቃዋለች፣ ለፎቶም ታምራለች። «አንድ ቀን ነው» የሚሉም አልተሳሳቱም፤ አንድ ጉርሻ ልጅ አይጎዳም። ግን የልደት ኬክ ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት ይቀመጣል። የመጣ እንግዳ ሁሉ ደግሞ በጣቱ ያቀምሰዋል።

ቤት መሥራት ለምትፈልጉ የእኔን ልስጣችሁ። ልጣጩ ነጠብጣብ ያወጣ ትልቅ ሙዝ ሁለት፣ እንቁላል ሁለት፣ ሩብ ኩባያ ዘይት፣ አንድ ኩባያ ከሩብ የፉርኖ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ቁንጥር ቀረፋ። ሙዙን በሹካ ፍጩ፣ እንቁላሉን በደንብ ምቱ፣ ዘይቱን ጨምሩ፣ ዱቄቱን በመጨረሻ አስገቡና ብዙ አታማስሉት። 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው መጋገሪያ፣ በ175 ዲግሪ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል። ስንጥር ስትወጉበት ደርቆ ከወጣ በስሏል። ለክሬሙ ከተፈላ ወተት የተሠራ፣ ስኳር ያልገባበት እርጎ በንጹህ ጨርቅ ቋጥራችሁ ፍሪጅ ውስጥ ይደር፤ ውሃው ይወጣና እርጎው ይወፍራል። ቤት ያወጣችሁት አይብ ከሙዝ ጋር ሲፈጭም ቆንጆ ይሆናል።

እንቁላል ወይም ለውዝ ቀምሶ የማያውቅ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምሰው በልደቱ ቀን አይሁን። ቀደም ብላችሁ ቤት፣ ቀን ላይ፣ በትንሹ ሞክሩለት። በዚያ ግርግር ፊቱ ቢያብጥ ማን ያየዋል? ኬኩ ላይ የሚበተኑትን ጠጣር ኳሶች እኔ ለሕፃን አላደርግም። ፈንዲሻና ቆሎውም ልጁ ከሚድህበት ምንጣፍ ይራቅ፤ ጉሮሮ የሚዘጋው እሱ ነው።

ስትደውሉልኝ መጀመሪያ የልጁን ዕድሜ በወር ንገሩኝ። ቀጥሎ ምን ምን በልቶ እንደሚያውቅ። ስለ ቀለሙና ስለ ቅርጹ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።